የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

«ዛሬ ደግሞ በምን ሊያደክሙን ነው?» ሳትሉ አትቀሩም። የምናወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የፕሮግራም ጽሑፍን በራሳቸው የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች በየትኛው ተራ መሰለፍ እንደሚገባቸው ነው። ነገሩ ትንሽ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በዚሁ ትንሽ ነገር የተነሣ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ሁለት ሳምንት ያህል ሳንነጋገር ሰንብተናልና፥ ሌላው በእኛ እንዲማር ብንጽፈው አይከፋም ብለን አሰብን።

የመመረቂያ ሥራችን የአማርኛ ጽሑፍን አጽድቶ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረ። የጻፍነው በፓይተን ነው። የሦስታችንም የአጻጻፍ ልማድ ለየቅል ነው፤ አንዱ መስመሩን ያለ ልክ ያስረዝማል፥ አንዱ በየሁለት ቃሉ ይሰብራል፥ ሦስተኛው ባዶ ቦታን እንደ ጨው ይቆጥባል። እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አልተጀመረም። የፓይተን ሰዎች «ፔፕ 8» የተባለውን የአጻጻፍ ደንብ ያወጡት በ2001 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን)፤ መስመር ከ79 ፊደል አይለፍ ይላል። ደንብ ቢኖርም ሰው መጠበቁ ይሰለቸዋልና፥ ደንቡን በራሱ የሚያስፈጽም መሣሪያ ተፈለገ። በ2018 የወጣው ብላክ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ መስመሩን በ88 ፊደል ይወስናል፥ ለተጠቃሚውም ብዙ ምርጫ አይሰጥም። አይሶርት ደግሞ በፋይሉ ራስ ላይ የሚጠሩትን ሞጁሎች በተራ ያሰልፋል። በ2022 የወጣው ራፍ ስሕተት ይለቅማል፤ ከተፈቀደለትም ያርማል። እነዚህን ሁሉ፥ ሥራው በጊት ከመመዝገቡ በፊት፥ አንድ በአንድ የሚጠራቸው ፕሪ-ኮሚት ነው። የሚጠራቸውም በዝርዝሩ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው። ከእነርሱ አንዱ እንኳ ፋይሉን የለወጠ እንደ ሆነ ምዝገባውን ያግዳል፤ የተለወጠውን አይቶ እንደገና ማቅረብ የሰው ፋንታ ነው።

እኛ ዝርዝሩን እንደ መጣልን ጻፍነው፤ ብላክን ፊት፥ አይሶርትን ቀጥሎ፥ ራፍን መጨረሻ። ተራው ምን ለውጥ ያመጣል ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ረዥም የሞጁል ዝርዝር ሲያጋጥመው ብላክ ስሞቹን አንድ በአንድ፥ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር ላይ ያወርዳቸዋል። አይሶርት ይነሣና እንደ ራሱ ልማድ መልሶ ጎን ለጎን ይሰበስባቸዋል። ሁለቱም ለውጠዋልና ምዝገባው ይታገዳል። ደግመን እናቀርባለን፤ ብላክ ያወርዳል፥ አይሶርት ይሰበስባል፥ ይታገዳል። አንዱ ሲያርስ ሌላው እየተከተለ እንደሚደመድም ያህል ነበረ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከመካከላችን አንዱ ተናደደ፤ ጥበቃውን በሚያልፈው ትእዛዝ አለፈና፥ የፕሮግራሙን ፋይሎች በሙሉ በብላክ አስተካክሎ በራሱ ስም በአንድ ጊዜ መዘገበ። ክፋት አልነበረበትም፤ ማስረከቢያው ደርሶብን ነበር።

ጊት ደግሞ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደ ሆነ የሚናገር ትእዛዝ አለው። ብሌም ይሉታል፤ ወቀሳ ማለት ነው። ሥራውን የገመገሙልን መምህር የየአንዳንዳችንን ድርሻ የመዘኑት በዚህ ትእዛዝ ነበረ። ከሥራው የሚበልጠውን የጻፈው የማክሰኝቱ ልጅ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ስሙ እዚህም እዚያም ብቻ ብቅ ይላል። ያ በሌሊት ያስተካከለው ጓደኛችን የፕሮግራሙ ባለቤት ሆኖ ተገኘ። የማክሰኝቱ ልጅ ዝቅተኛውን ነጥብ ተቀበለ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ጓዙን ይዞ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄደ።

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። እኛ ሁለታችን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን። ልጁ ሰላም ቢለንም ፊቱ አልተፈታም። እናቱ በረንዳው ላይ በሰፌድ ጤፍ ያበጥራሉ። ዝምታው ሲከብደን ከሁለታችን አንዱ ቶሎ ተነሥቶ፥ «እማዬ፥ መብራት ሳይጠፋ ጆንያውን ወፍጮ ቤት ላድርስልዎ» አለ። እርሳቸውም ሣቁና፥ «ቆይ እንጂ ልጄ! ያልተበጠረ ጤፍ ወፍጮ ቤት ይሄዳል? አሸዋውን ከፈጨኸው በኋላ በምን ትለቅመዋለህ?» አሉት።

የማክሰኝቱ ልጅ በዚህ ጊዜ ቀና አለ። «የነጥቡን ነገር ታስታውሳላችሁ?» አለን። ነገሩን ሦስታችንም አልረሳነውም። ብዙ ሰው በአማርኛ ሲጽፍ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ፕሮግራማችን በመጀመሪያ ሁለት ነጥብን ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ይለውጥ ነበር፤ ቀጥሎ ድርቡን ሁለት ነጥብ ፈልጎ ወደ አራት ነጥብ ሊለውጥ ሲሞክር አንድም አያገኝም። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ተያይዞ አንድ ጅረት ሆነ። ሁለቱን ትእዛዞች ተራቸውን ስናለዋውጥ፥ ሌላ ፊደል ሳንጨምር ዳነ። ይህን ስሕተት ያገኘው እርሱ ነበረ። በአማርኛው ጽሑፍ ላይ የተማርነውን በራሳችን ጽሑፍ ላይ ረስተነው ኖሯል።

በዚያኑ ማታ አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ ተራውን ብቻ ለወጥን፤ አይሶርትን ፊት፥ ብላክን ኋላ አደረግን። አልዳነም፤ አይሶርት ሰበሰበ፥ ብላክ አወረደ፥ ምዝገባው ታገደ። ሁለት ሰዎች በሁለት ሕግ የሚሠሩ እንደ ሆነ ማን ይቅደም ማለት ብቻውን እንደማያስታርቃቸው ያን ጊዜ ገባን። አይሶርት ከ2020 ወዲህ የብላክን ልማድ የሚቀበልበት ቅንብር አለው። ይህን አንድ መስመር ጻፍንለት፤ ጠቡ በረደ።

የራፍ ነገር ግን የተራ ጉዳይ ነው። ራፍ ሥራ ያጣውን የሞጁል ስም ሲነቅል የመስመሩን ቅርጽ ያጎድላል፤ ከእርሱ በኋላ የሚያስተካክል ከሌለ የተጓደለው እንዲሁ ይቀራል። መመሪያውም የሚያርመው ራፍ ከቅርጽ አስተካካዮቹ በፊት ይሁን ይላል፤ እኛ መመሪያውን ያነበብነው ከተጣላን በኋላ ነው። ስለዚህ ራፍን ፊት፥ አይሶርትን መካከል፥ ብላክን መጨረሻ አደረግን። የሚነቅልና የሚጨምር ይቀድማል፤ ቅርጽ የሚያወጣ ይከተላል፤ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው።

የቀረው የስሙ ጉዳይ ነበረ። ጊት ከ2019 ጀምሮ፥ ከ2.23 እትሙ ወዲህ፥ ለቅርጽ ብቻ የተደረጉ ምዝገባዎችን ቁጥር በአንድ ፋይል ብንጽፍለት በወቀሳው ጊዜ ያልፋቸዋል። የዚያችን ሌሊት ምዝገባ ቁጥር ጻፍን። ቁጥሩን በእጁ የጻፈው ያው በሌሊት ያስተካከለው ጓደኛችን ነው። ትእዛዙን ስንሰጥ፥ ከሞላ ጎደል መስመሮቹ ሁሉ ወደ ማክሰኝቱ ልጅ ስም ተመለሱ። ለመምህሩም ወስደን አሳየን፤ ነጥቡ ግን ተመዝግቦ ስላለፈ አልተለወጠም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኛ ደግሞ ያፈሰስነውን ሁሉ አልለቀምነውም። ስለዚህ በዘንድሮው ዓመት የመመረቂያ ሥራ የምትጀምሩ፥ የመጀመሪያውን መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ተሰብሰቡ። የመሣሪያዎቹን ተራ አብራችሁ ወስኑ፤ አንድ ሕግ ስጧቸው፤ ፋይሎቹን ሁሉ ማስተካከል ካስፈለገ በመጀመሪያው ቀን፥ ሦስታችሁም እያያችሁ፥ ለብቻው መዝግቡት። ይህ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኛ ይህን ግማሽ ቀን ስለ ቆጠብን የጓደኛችን የአንድ ዓመት ድካም በሌላ ሰው ስም ተጽፎ አይተናል።