ስለ ጠራ ውኃና ስለ ንጹሕ ውኃ

ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው ዓሣውን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚጠበቀው ውኃው ነው፤ ውኃው በደኅና ከተጠበቀ ዓሣውም በደኅና ይኖራል። ይህም ለባሕር ዓሣ ይልቁንም እውነት ነው።

የባሕርን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ማኖር የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በአራዊት መጠበቂያው ስፍራ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በሚከተለውም ዓመት፥ በ1854፥ ፊሊፕ ጎስ የተባለ የተፈጥሮ ሊቅ «አኳሪየም» የሚል ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙም በዓለም ተለመደ።

የባሕር ዓሣ ነገር ለቅኔ ዘራፊ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ በውኃ ተከቦ ሳለ ውኃ ይጠማዋልና። የባሕሩ ጨው በሥጋው ካለው ፈሳሽ ጨው ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፥ ውኃው ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይሳባል። እርሱም እንዳይደርቅ ባሕሩን ሁልጊዜ ይጠጣል፤ የተረፈውን ጨው በመተንፈሻው በኩል መልሶ ያወጣዋል። እንግዲህ ያለ ዕረፍት የሚጠጣው ውኃ ቢበላሽ ወዴት ይሸሻል? በባሕር ቢሆን ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ ነበር፤ በገንዳ ግን መሸሻ የለውም።

የእኅቴ ልጅ በሰሜን አሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ይኖራል። ለዐቢይ ጾም አገልግሎት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ በቤቱ ተቀበለኝ። በዘወረደ ሰሞንም 120 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አቁሞ ሞላ። ለ1 ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ለካ፤ ጨውም የወጥ ጨው አልነበረም፥ በባሕር ውስጥ ያሉት ሌሎች ማዕድናት ሁሉ የተቀላቀሉበት ነው እንጂ። ሙቀቱንም በ25 ዲግሪ አጸና። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ገንዳውን አይቶ፥ «አባባ፥ ውኃው ጠርቶ የለምን? ዓሦቹ ዛሬ ቢገቡ ምን አለበት?» አለኝ። አባቱ ግን «ውኃው ገና አልበሰለም» ብሎ መለሰለት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከዓሣው መተንፈሻ፥ ከዕዳሪውና ከምግቡ ትራፊ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህንም የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬትም ከሁለቱ ይልቅ የዋህ ስለ ሆነ ውኃን በመለወጥ ይቀነሳል። የሩሲያው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ሠራተኞች ለይቶ ያሳየው በ1890 ነው። እነርሱም በአዲስ ገንዳ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ያ ቤት በጾሙ ወራት ባዶ ውኃ ሲጠብቅ ሰነበተ። በኒቆዲሞስ ሰሞን አሞኒያም ናይትራይትም እንደሌለ በመመርመሪያው ጠብታ ከታወቀ በኋላ፥ ብርቱካን መልክ ያላቸው፥ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ገቡ።

በፋሲካ ዕለት ቤተ ሰቡ በገበታ ሳለ፥ ሕፃኑ «እነርሱም ይፈስኩ» ብሎ እፍኝ ሙሉ ምግብ በገንዳው አፈሰሰ። ዓሦቹ ጥቂት በሉ፤ የቀረው ወርዶ በአሸዋው ላይ በሰበሰ። በማግሥቱ በማዕዶት ውኃው እንደ ብርሌ የጠራ ነበር፤ ዓሦቹ ግን ወደ ላይ ወጥተው ያለከልኩ ነበር። አባቱ ጥቂት ውኃ ቀድቶ ጠብታውን ቢያንጠባጥብበት፥ ብጫ ሆኖ መቅረት የሚገባው ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ አሞኒያ ነበረበት። እኛ ቅኔን ስንማር ከሰሙ በታች ወርቅ እንድንፈልግ ተምረናል፤ በዚህ ግን ሰሙ ጥራት ሲሆን ከበታቹ የተገኘው መርዝ ነው። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.2 ያህል ስለ ሆነ፥ አሞኒያ እንደዚህ ባለ ውኃ ከለስላሳው ውኃ ይልቅ ይከፋል።

የእኅቴ ልጅ የበሰበሰውን አወጣ፤ በጨውና በሙቀት የተካከለ 30 ሊትር አዲስ ውኃ ለወጠ፤ ምግቡንም ፈጽሞ ከለከለ። እኛ በበዓለ ሃምሳ ስንፈስክ ዓሣው ጾመ፤ መድኃኒቱም ጾሙ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ዳነ፤ ሁለተኛው ማክሰኞ ሞተ።

ሕፃኑ እያለቀሰ፥ «አባባ፥ ወድጄው አበላሁት እንጂ ምን በደልሁት?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ደቀ መዛሙርት የጠየቁኝን መልሻለሁ፤ ለዚህ ግን መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ቆይቼም፥ «ልጄ፥ መውደድህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰጠኸው አንተ የምትወደውን ነው እንጂ እርሱ የሚሻውን አይደለም» አልሁት። ይህንም ስናገር ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልተናገርሁ አወቅሁ። ምእመናንን የምናስተምር፥ ልጆችን የምናሳድግ እኛም እፍኝ ሙሉ አፍስሰን ከበታች የሚበሰብሰውን የማናይበት ጊዜ አለና።

ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምሩ መምህራን ዓሦች በዕለተ ሐሙስ ከውኃ እንደ ተፈጠሩ፥ አዳምም በዕለተ ዓርብ ተፈጥሮ በእነርሱ ላይ እንደ ተሾመ ይነግሩናል። ሹመት ደግሞ ያለ ዕውቀት አይጠበቅም። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚወድ ሰው ውኃውን በዓይኑ ሳይሆን በመመርመሪያው ይወቅ፤ ምግቡን ዓሦቹ ወዲያው በሚጨርሱት መጠን ይስጥ፤ ውኃው በትነት ሲጎድል ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሙላ፥ ጨው ከትነቱ ጋር አይወጣምና። አዲስ ዓሣም ሲያመጣ ደዌ እንዳይገባበት አስቀድሞ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ያቆየው። ከሁሉም በፊት ባዶ ውኃን ስድስት ሳምንት መጠበቅን ይማር፤ ይህን መታገሥ የማይችል ግን ዓሣውን በባሕሩ ይተውለት።