የራሱ ሙጫ ያለው እንጨት

ቤትዎ ያለውን ጠረጴዛ ገልብጠው ሥሩን አይተው ያውቃሉ? ሰፊው ገበታ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳንቃ አይደለም፤ አራት ወይም አምስት ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ ተያይዞ ነው። እኔ በጋምቤላ ከተማ የአናጢነት ሥራ እሠራለሁ፤ ዛሬ ስለዚህ መጋጠሚያ ላጫውትዎ።

የምሠራበት ጥድና ፓቹላ በጎሬ በኩል ከደጋው በመኪና ይወርዳል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ግን ባሮ ዳር፣ ከ500 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ቦታ ላይ። እንጨቱም እንደ ሰው አየር ይለወጥበታል። በየመካከሉ ቀጭን እንጨት ገብቶለት ጥላ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ካልከረመ፣ ዛሬ ያጋጠሙት ነገ ይከፈታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፓቹላ ነው፤ የራሱ ሙጫ አለው። ቋንቋችን ዛፉ የሚያነባውንም እኛ የምናጣብቅበትንም «ሙጫ» ይላቸዋል፤ ሁለቱ ግን አይስማሙም። ነጩ ኮላ ውሃ ያለበት ስለሆነ ወደ እንጨቱ ሰርጎ ካልገባ አይዝም። ገጹ ላይ የዛፉ ሙጫ ካገኘ፣ ቅባት ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይሆናል። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሙጫው ለስልሶ ይብስበታል።

ይህን ጊዜ እንጨቱን የሚረግም አለ። እኔ ግን አልረግመውም። ዛፍ ሲቆስል ሙጫውን የሚያፈስሰው ነፍሳትና ሻጋታ በቁስሉ እንዳይገቡ ነው። ኖኅም መርከቡን ከውስጥና ከውጭ በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙን ያስታውሳሉ (ዘፍ. 6፥14)።

ይህን ያሰብኩት ለቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታችን ገበታ ስሠራ ነበር። በኅብረቱ አኝዋክም፣ ኑዌርም፣ እንደ እኔ ከደጋ የመጣንም አለን። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማችን ብዙ አኝዋኮች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህም የዚህም የዚያም ወገን ደም ፈስሷል። ከእኛ መካከል አንዲት እናት በዚያ ወር ልጃቸውን ያጡ ናቸው። ለረጅም ጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጸልዩና ቡናው ሳይቀርብ ይሄዱ ነበር። አንድ ወንድም «ይቅር ማለት አቅቷቸው ነው» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አነጋገሩ አናደደኝ። ቁስሉን ሳይጠይቁ በመሸፈኛው ላይ መፍረድ ምን ይባላል?

ለፓቹላ የሚደረግለት እንዲህ ነው። ገና ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በማለዳ፣ በተሳለ መላጊያ ጠርዙን በስሱ ይልጉታል። ሙጫ የሚታይበት ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ በአሴቶን ነክረው ይጠርጉታል፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቁ። ገጹ እንደ ደረቀ ሳይዘገዩ ሁለቱንም ጠርዝ ኮላ ይቀባሉ። ከዚያ በሞርሳ፣ ከሌለም በገመድና በሽብልቅ ያስሩታል። ቀጭን የኮላ መስመር ብቅ ሲል ይብቃዎት፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት ኮላው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መጋጠሚያው ባዶውን ይቀራል። ትናንት በተላገ ጠርዝ ላይ ግን ኮላ አይቀቡ፤ ሙጫው በሌሊት ተመልሶ ይወጣል። እንደ ገና ይላጉት።

እኚያን እናት በተመለከተ፣ ከደጋ የመጡ አንድ ሽማግሌያችን ቤታቸው ሄዱ። ስለ ይቅርታ አላነሡም። የልጃቸውን ስም ጠየቋቸው፤ ምን ዓይነት ልጅ እንደ ነበረ ሲያወሩላቸው አመሹ። በሳምንቱም ሄዱ፣ በሚቀጥለውም።

ገበታው አልቆ የገባ ዕለት እናታችን መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ምንም አላሉም። ዛሬም የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። ቡናው ግን እስከ በረካው ድረስ ይጠጣሉ።