የአውሮፕላኑ ጎማና የእኔ ይቅርታ

ድሬ ሙቀቱ ብሶበታል። ትናንት የሳይንስ ክበባችንን ዕቃ ለክረምት ስናሽግ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱት እንደሆነ፣ በክበባችን አንድ ሞዴል አውሮፕላን አለ። ዲሲ-3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ በሲ-47 ነበር። ሞዴሉን ውጭ አገር ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ነው በካርቶን የላከልን። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ እያጣበቁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀባቸው። ክንፉ የተገጠመ ቀን የነበረውን ጭብጨባ አልረሳውም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አቧራ እንዳይነካው ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በእግሩ አቁሜ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የድሬን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ደገኛው ብርድ ልብስ ሲደርብ እኛ አንሶላ እንገፋለን።

መስከረም ላይ ስከፍተው ደነገጥኩ። ጎማዎቹ ከሥራቸው ተጠፍጥፈው ፌስታሉ ላይ ተጣብቀዋል። የግራው ቸርኬ እንደ ማስቲካ ሆኗል። እግሩ ተጣሞ አውሮፕላኑ በአንድ ጎኑ ተኝቷል። የሚገርመው ግን ክንፉም አካሉም ምንም አልሆነም። የተበላሸው ጎማው የነካው ቦታ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ይሄን ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ! እኔ ግን ወዲያው የመጣልኝ "ሰው ነው ያበላሸው" የሚል ሐሳብ ነው። ክረምቱን የክፍሉ ቁልፍ የነበረው አንድ ልጅ ጋ ነው። ያኔ ገና 10ኛ ክፍል መግባቱ ነበር። የግቢውን ችግኝ የሚያጠጣልን እሱ ስለነበር ማጠጫውን እዚያ ያስቀምጥ ነበር። በጓደኞቹ ፊት አስቆምኩት።

"ምንድነው ያፈሰስክበት? ቤንዚን ነው?"

"ቲቸር፣ ወላሂ አልነካሁትም።"

"ራሱ ቀለጠ ነው የምትለኝ?"

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክበብ አልመጣም። ኮሪደር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር።

ኅዳር ላይ ፈተና እየፈተንኩ ሳለ አንዲት ልጅ ላጲሷ ማስመሪያዋ ላይ ተጣብቆባት ስትታገል አየሁ። ተቀብዬ አላቀቅኩላት። ላጲሱ የተኛበት ቦታ ጎድጉዷል፣ ቁጥሮቹ ጠፍተዋል፣ እጅ ያዝ ያደርጋል። ይሄን ሁላችሁም አይታችኋል። እኔም ተማሪ ሆኜ ስንት ማስመሪያ እንዲህ ሆኖብኛል። ምን ልበላችሁ፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የቸርኬው ጉዳትና የማስመሪያው ጉዳት አንድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በራሱ ደረቅ ነው፤ የውኃ ቧንቧ ይሠራበታል። ለላጲስ ወይም ለሞዴል ጎማ እንዲለሰልስ ሲፈለግ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ፈሳሽ ይጨመርበታል። ፈሳሹ ከፒቪሲው ጋር በኬሚካል ቦንድ ስላልታሰረ ቀስ እያለ ይወጣል። ሲወጣ ፖሊስታይሪን ካገኘ ውስጡ ገብቶ ያላላዋል። ሞዴሉም ብዙው ማስመሪያም ከፖሊስታይሪን ነው የሚሠሩት። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ሁሉም የሞዴል ጎማ እንዲህ አያደርግም፤ ለስላሳና ወዝ ያለው ከሆነ ግን ጠርጥሩት።

"ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል" ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው የኬሚስትሪ መምህር እኔ ነኝ። ማስረጃው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ልጅ ከሰስኩ።

በማግስቱ ክበቡን ሰበሰብኩ፣ ልጁንም አስጠራሁት። ያዋረድኩት ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም ሰው ፊት መሆን ነበረበት። ማስመሪያውንና ቸርኬውን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። "ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልደብቃችሁም። እሱ ቸርኬውን አገላብጦ አየና "ታዲያ ቲቸር፣ ይሠራል?" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ክበብም ወዲያው አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን አንድ ጥቅል ነጭ ቴፍሎን ይዞ መጣ። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። "ይሄ ከምንም ጋር አይጣበቅም፤ ቸርኬውን ብንጠቀልልበትስ?" አለ። ልክ ነበር።

እና ሞዴል አውሮፕላን ወይም መኪና ቤታችሁ ያለ፣ ከእኛ ስህተት ተማሩ። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት ጎማውን አውልቃችሁ ለብቻው በወረቀት ጠቅልሉት። የማታወልቁት ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ቸርኬውን በቴፍሎን ሸፍኑት። ሆዱን በእንጨት ደግፋችሁ ጎማው መሬት እንዳይነካ አድርጉ፤ ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይጠፈጥፈዋል። እውነተኛ አውሮፕላኖች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ ጎማቸው በየጊዜው እንዲሽከረከር ይደረጋል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ላይ አታሳርፉት፣ እሱም ፖሊስታይሪን ነው። ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮት ዳር፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይሁን። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ታችኛው መደርደሪያ ይሻላል።

የግራው ቸርኬ ዛሬ የእንጨት ነው። የጠረበው ያ ልጅ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ይሄዳል። ትናንት አውሮፕላኑን ካርቶን ውስጥ ካስገባን በኋላ ቁልፉን አስረከበኝ። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለና "አቦ ቲቸር፣ ጎማውን አውልቀናል አይደል?" አለኝ።

አውልቀናል።

ከድሮ ተማሪዎቼ መካከል ሳላጣራ የፈረድኩበት ካለ ኢንቦክስ ይጻፍልኝ። ጊዜው አልፏል አትበሉ። መልካም ክረምት።