መጠይቁ ጁገል ገብቶ የት ይቀራል?

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጋመስ ሐረርን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር አያመልጠውም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ በላስቲክ ማኅደር የያዙ ወጣቶች ሦስትም አራትም ሆነው በር ሲያንኳኩ ይታያሉ። የያዙት መጠይቅ ስለ ቧንቧ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ገቢ ይጠይቃል። የቤቱ ባለቤቶች በከተማይቱ ጨዋነት በሩን ይከፍታሉ፤ እንግዶቹን ነደባ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ለአርባና ለሃምሳ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ወጣቶች መጥተው ያንኑ ይጠይቋቸዋል።

ይህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቋንቋ «የማኅበረሰብ አገልግሎት»፣ ከፍ ሲልም «ከከተማ አስተዳደር ጋር በትብብር የሚካሄድ ጥናት» ይባላል። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ምሳ ይበላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎችን ከማስተማርና ከመመራመር ጋር ማኅበረሰቡንም እንዲያገለግሉ አዟል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ በዚያ ሁሉ በር ላይ የተሰበሰበው መልስ የት ይገባል? እኔ በማስተምርበት ተቋም (ስሙን ለመተው ፈቃዳችሁ ይሁን) አንዱ ቅጂ ለአማካሪው፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። መልሱን ለሰጠው ሰው የሚደርስ ቅጂ ግን በደንባችን ውስጥ የለም።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስለን ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ የሚማሩበት ሥርዓት የተጀመረው እዚያ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛውም ወጥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ስም ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ። የጎንደሩ ተማሪ ከበሽታው ጋር ሊታገል ሄደ፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ተማሪ የሚያውቀውን ሊያካፍል ሄደ፤ ዘማቹ የመንግሥትን አዋጅ ይዞ ሄደ። የዛሬው ተማሪያችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሊወስድ ነው። የሚወስደውም መረጃ ነው።

ጅማ በዚህ ረገድ ከሁላችንም የተሻለ ሥርዓት አላት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መመሪያው አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ወርሶታል። ተማሪዎች በቡድን ወደ አንድ አካባቢ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ችግሩን ያጠናሉ፣ በሚቀጥሉት ዙሮች ዕቅድ ያወጣሉ፣ የሚችሉትን ይፈጽማሉ፣ የፈጸሙትን ይገመግማሉ። በተግባር ምን ያህል እንደሚሳካ የጅማ ባልደረቦቼ ሲያማርሩ እሰማለሁ። ቢሆንም ተመልሶ መሄድ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የተጻፈ ግዴታ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

በሐረርም ቢሆን የሚጠቀስ ሥራ አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በሐረር ከተማ ቤተሰቦችን በየጊዜው እየጎበኘ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚመዘግብበት ጣቢያ አቋቁሟል። በኋላም ከለንደኑ የሐይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ የሚመረምረውን፣ ቻምፕስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ጥናት በዚሁ አካባቢ ጀመረ። ይህ ከጥናት ሁሉ የከበደ ነው። ልጁን ያጣ ወላጅ ገና እንባው ሳይደርቅ ከአስከሬኑ ጥቂት ናሙና በመርፌ እንዲወሰድ ፈቃድ ይጠየቃል። ታዲያ ወላጁ ስለ ምን ይፈቅዳል? አንዱ ምክንያት ውጤቱ ተመልሶ ለቤተሰቡ የሚነገር መሆኑ ነው፤ እናት ልጇ በምን እንደ ሞተ ታውቃለች። ገንዘቡ ከጌትስ ፋውንዴሽን፣ ደንቡም ከባሕር ማዶ ጭምር የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሞት ጥናት የሠራው ደንብ ለቧንቧ ጥናት የማይሠራበት ምክንያት አይገባኝም።

የሐረማያ ሐይቅ ነገር ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳየናል። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እዚያው አጠገቡ ነው፤ በአፈርና በውኃ ጥበቃ የሠለጠኑ ምሁራን በየቀኑ በዳርቻው ያልፉ ነበር። የሐይቅ ሳይንስ ተመራማሪው ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ሐይቅ ከሆራ ቂሎሌ ጋር አነጻጽረው የሰው እጅ ምን እንዳደረሰበት አሳይተዋል። ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ደረቀ። ደለሉ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውኃ፣ ለከተሞቹ የሚገፋው ውኃ፣ ሁሉም ተባብረው አደረቁት። ሐረር ከዓመታት የውኃ ችግር በኋላ ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ በሚገፋ ቧንቧ መጠጣት ጀመረች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዙን አይተን ደስ ብሎናል። እንግዲህ ጥናት አልጠፋም፤ ምሁር አልጠፋም። የጠፋው ጥናቱን የሚሰማ፣ ሰምቶም ፓምፑን ለመቀነስ የሚወስን አካል ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማማክራቸው ተማሪዎች በጁገል አንድ ሠፈር በየቤቱ በሳምንት ስንት ቀን ውኃ እንደሚመጣ ጠየቁ። የትብብር ደብዳቤውን የጻፈልን መሥሪያ ቤት ረቂቁን ማየት ፈልጎ ስለ ነበር ሰጠነው። ከሳምንት በኋላ ኃላፊው ቢሮአቸው አስጠርተውኝ በአክብሮት ሻይ አስመጡና «ዶክተር፣ ጥናቱ በጣም ጥሩ ነው። ይህችን ሰንጠረዥ ብቻ ቢተዉልን» አሉኝ። ሰንጠረዧ የቤቶቹን መልስ መሥሪያ ቤቱ ለበላይ ከሚያቀርበው ሪፖርት ጎን ለጎን የምታሳይ ነበረች። እኔም «ሰንጠረዧን ከተውናትማ ጥናቱ የሚለው ነገር አይኖረውም፤ እርስዎም ቢሆኑ የሚጠቀሙባት እርስዋን ነው» አልኋቸው። በክፋት የተናገሩ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ከእርሳቸው ጠረጴዛ ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትልባቸው ያውቃሉ። ሰንጠረዧ ቀረች። የሚቀጥለው ዓመት የትብብር ደብዳቤ ግን ሳይጻፍ ቀረ።

ፖለቲካው ያለው እዚህ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው አካል ራሱ የሚጠናው አካል ሲሆን፣ ተማሪው ገና መጠይቁን ሲያዘጋጅ የሚያስቀይመውን ጥያቄ በራሱ እጅ ይሰርዛል። ማንም አላዘዘውም፤ ከቀደሙት ሰምቶ ተምሮአል። ከዚያ ወዲህ የማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» በሚል መደምደሚያ የሚያልቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝቡን ጥፋተኛ ማድረግ ማንንም ደብዳቤ አያስከለክልም።

ታዲያ ከተማ ማለት ማን ነው? በአስተዳደሩ ቢሮ የተቀመጠው ብቻ ነውን? ሐረሪዎች ከተማቸውን በአጭሩ «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ያችን ከተማ ከቢሮው በፊት ያቆያት አፎቻ ነው። አፎቻ የሠርግና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ የወንዶች አለ፣ የሴቶችም አለ። የመሀል አገር ሰው ዕድር ብሎ ቢያስበው ብዙ አይርቅም። ፒተር ኮህንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አፎቻን በማኅበረሰቡና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው አቅርበውታል። የውጭ ምሁራን ይህንን ከጻፉ ወደ ግማሽ ምእት ዓመት ሲጠጋ፣ እኛ ግን መግባቢያ ሰነዳችንን የምንፈራረመው ከቢሮ ጋር ብቻ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ወደ አማርኛ ይተረጐማል፤ በር ላይ ሲደርስ ተማሪው በአፉ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሐረሪ ይመልሰዋል፤ መልሱ በዚያው መንገድ ተመልሶ እንግሊዝኛ ይሆናል። በአራቱ ድንበሮች ላይ ምን እንደሚንጠባጠብ ለማወቅ ዶክትሬት አያሻም። አንድ ጊዜ «የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሦስት ተማሪዎች አፍ ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዲት እናትማ ስለ ቀበሌው አስተዳዳሪ የተጠየቁ መስሏቸው የሊቀ መንበሩን ስም ተናገሩ።

ኔዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «የሳይንስ ሱቅ» የሚሉትን ነገር በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ከፈቱ። የሠፈር ማኅበር ወይም የሠራተኛ ማኅበር ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፤ ተማሪው በመምህሩ ተመርቶ ያጠናለታል፤ ውጤቱን የሚረከበው ጠያቂው ነው። ገንዘብ የሌለው ጠያቂ አይከፍልም። በእኛ ዘንድ ይህንን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍልና አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ የሚሰማ አንድ ጸሓፊ ይበቃል።

ጊዜውም ያስገድዳል። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት በ48 ሄክታር ውስጥ እንዳሏት ተጽፎላታል። በቅርቡ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሐረርም ደርሷል። አጥር ሲፈርስ፣ መንገድ ሲነጠፍ፣ የቤት ገጽ ሲቀባ የነዋሪው ኑሮ ምን ሆነ? የትኛው ሱቅ ተዘጋ፣ የትኛዋ ጉሊት ቸርቻሪ ወዴት ሄደች፣ የጎርፍ መውረጃው ወደ የማን ግቢ ዞረ? ይህንን በየመንደሩ ቆጥሮ ለማወቅ ከተማሪ የተሻለ ማን አለ? ውድ አማካሪም ቢቀጠር ቆጠራውን የሚያሠራው እነዚሁኑ ልጆች ቀጥሮ ነው።

እኔ በበኩሌ በዘንድሮው ክፍሌ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ማንም ተማሪ ጥናቱን ባጠናበት ሠፈር፣ በአፎቻ ወይም በዕድር ፊት፣ በሠፈሩ ቋንቋ ሳያነብ ውጤት አይያዝለትም። የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ለሁለት ሰዓት ተከራከረበት፤ አንዳንዶቹ የውሎ አበሉን ከየት እናመጣለን አሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሕዝቡ ቢቆጣስ አሉ። በመጀመሪያው ንባብ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሕዝቡ አልተቆጣም፤ ግን ሁለት ቁጥሮች አረመ፤ የጎርፍ መውረጃ ካርታው ላይ ያልገባ አንድ ጠባብ መንገድም ስሙን እየጠራ አስገባ። ከዚያም አንዲት የሴቶች አፎቻ አባል «ይህንን የጻፋችሁትን ለእኛ ትተዉልን ይሆን፣ ወይስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ተማሪው ቅጂውን እዚያው ሰጣቸው። ለመምህሩ ማስረከቢያ ያዘጋጀው ነበርና እኔ የሌላውን ሳምንት ጠብቄአለሁ።