ሉክ አፍተር ማለት ወደ ኋላ ማየት አይደለም

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ ነው። “ኧረ ይሄን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል” እንዳትሉኝ። እኔን አንድ ፍሬዛል ቨርብ ተማሪ ሁሉ ፊት አስለቅሶኛል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ልንገራችሁ። የተወለድኩት አዋሽ ሰባት ነው። እማዬ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ አንድ ሌሊት አድሮ እንደገና ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. በእኛ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ እየተደጋገመ መጣ። ሌሊት የእማዬ የሻይ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ሲንቀጫቀጩ እንነቃለን። በታኅሣሥ መጨረሻ የመጣውማ በሬክተር ስኬል ከ5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እኛም ፍራሽ አውጥተን ግቢ ውስጥ ማደር ጀመርን።

በመጨረሻ እማዬ “ሰመራ አክስትሽ ጋ ትሄዳላችሁ” አለችኝ። እሷ ሥራዋን ትታ መምጣት አልቻለችም። አውቶቡስ ላይ ስታሳፍረን የ2ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ወንድሜን እጁን ይዛ እጄ ውስጥ አደረገችውና “ወንድምሽን አደራ!” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርገን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሰመራ ገባን።

አዲሱ ክፍል ውስጥ በገባሁ በሁለተኛው ቀን የእንግሊዝኛ ቲቸር አስነሱኝና ከየት እንደመጣሁ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። እሱን መለስኩ። ቀጥለው “ሁ ሉክስ አፍተር ዩ ሂር?” አሉኝ። እኔ በጭንቅላቴ ቶሎ ቶሎ ተረጎምኩት። ሁ ማለት ማን፣ ሉክ ማለት ማየት፣ አፍተር ማለት በኋላ። ስለዚህ “ከኋላሽ የሚያይሽ ማን ነው?” መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ መጨረሻ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ አፍጥጦ እያየኝ ነው። ጣቴን ቀሰርኩና “ሂም!” አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ ራሱ ዴስኩን እየደበደበ ነበር የሚስቀው። ቲቸር በእጃቸው ጸጥ አስባሉና በአማርኛ “እዚህ ማን ነው የሚንከባከብሽ ማለቴ ነው” አሉኝ። ይሄኛው ከሳቁ ባሰብኝ። እማዬ ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። ሳልመልስ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጄን አላወጣሁም። የማውቀውን እንኳን ዝም እል ነበር። በተሳትፎ ከ10 ያገኘሁት 2 ነው። ወንድሜ ማታ ማታ የቤት ሥራውን ይዞ ሲመጣ “እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ አክስቴን ጠይቃት” ማለት ጀመርኩ። አሁን ሳስበው በዚህ በጣም አፍራለሁ። አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ እኮ።

ያዳነችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። እሷ አፋር ናት፤ ቤታቸው የሚወራው አፋርኛ ነው። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤትና ሰፈር ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት “ለምን አትናገሪም?” ስትለኝ “እንግሊዝኛ ያታልላል። ቃሎቹን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይጠፉብኛል” አልኳት። እሷም ሳቀችና “በአማርኛ ‘ዝም በይ’ ስትባዪ አፍሽን ከፍተሽ ‘ዝም’ ትያለሽ እንዴ?” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው! እኛ “ቁጭ አለ”፣ “ብድግ አለ”፣ “ብቅ አለ”፣ “ከፍ አለ” እንላለን። ማንም ግን ምንም አላለም። “አለ” ብቻውን መናገር ነው፤ ከ“ቁጭ” ጋር ሲሆን መቀመጥ ነው። በአፋርኛም “አለ” የሚለው ቃል እንደዚህ ከሌላ ቃል ጋር እየገባ ሌላ ትርጉም እንደሚሰጥ ነገረችኝ። እኔ በራሴ ቋንቋ ከልጅነቴ ጀምሮ የማደርገውን ነገር እንግሊዝኛ ሲያደርገው ነው የደነገጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን አንድ ደብተር ያዝን። ቃሉን ለብቻው አንጽፍም። ያየነውን ነገር ይዘን እንጽፋለን። ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ብሬክ ዳውን፦ መበላሸት፣ መቆም። የመጣንበት አውቶቡስ ገዋኔ አካባቢ ብሬክ ዳውን አድርጎ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ጠብቀናል።

ራን አውት ኦፍ፦ አንድ ነገር ማለቅ። ራን መሮጥ ነው፤ እዚህ ግን ማንም አይሮጥም። በርሜላችን ውስጥ ውሃ ሲያልቅ የምንለው ነው።

ተርን ኦን እና ተርን ኦፍ፦ ማብራትና ማጥፋት። በሰመራ ሙቀት ቬንትሌተር ተርን ኦፍ የሚያደርግ ሰው ከአክስቴ ጋር ይጣላል።

ጎ ኦፍ፦ መብራት ሲጠፋ ነው። እኛም “መብራት ሄደ” እንላለን፤ በእግሩ ግን አልሄደም። ግን ተጠንቀቁ፤ የሰዓት ደወል ጎ ኦፍ አደረገ ከተባለ ጮኸ ማለት ነው።

ቴክ ኦፍ፦ ጫማ ማውለቅ። አውሮፕላን ከሰመራ ኤርፖርት ሲነሳም ቴክ ኦፍ ነው። እንግዲህ ትርጉሙን የሚነግራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ሉክ ፎር መፈለግ ነው። ሉክ አፕ ቃልን ዲክሽነሪ ላይ መፈለግ ነው። ሉክ አፍተር ደግሞ መንከባከብ፣ መጠበቅ ነው። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ፍየሎቹን ሉክ አፍተር ያደርጋል።

ፒክ አፕ፦ ማንሳት። ፒካፕ የምንላት መኪና ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ሳናውቀው ስንት ጊዜ ጠርተነዋል!

ሴት ኦፍ ጉዞ መጀመር ነው፤ ኢንድ አፕ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ መድረስ። ጓደኛዬ በእነዚህ ሁለቱ ስለ አዋሽ ወንዝ ጻፈች። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ሴት ኦፍ ያደርግና ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ኢንድ አፕ ያደርጋል። እኔም በዚያው ከአዋሽ ሴት ኦፍ አድርጌ ሰመራ ኢንድ አፕ አደረግሁ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሕግም ቲቸር አስተምረውናል። አንዳንዱ ይከፈላል። ኢት የሚለውን መሃል አስገብተን “ፒክ ኢት አፕ” እንላለን እንጂ “ፒክ አፕ ኢት” አይባልም። ሉክ አፍተር ግን አይከፈልም። “ሉክ አፍተር ሂም” ነው የሚባለው።

ባለፈው ወር ቲቸር ፍሬዛል ቨርብ ሲከልሱ ሉክ አፍተርን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ልቤ ይመታ ነበር፤ ግን እጄን አወጣሁ። “ማይ አንት ሉክስ አፍተር ሚ። አይ ሉክ አፍተር ማይ ብራዘር” አልኩ። ቲቸር “ኤንድ ዩር ማዘር?” አሉኝ። እማዬ ማታ ማታ ስትደውል በልተን እንደሆነ፣ ደብተራችን አልቆ እንደሆነ ሳትጠይቅ አትዘጋም። ስለዚህ “ሺ ሉክስ አፍተር አስ ፍሮም አዋሽ” ብዬ መለስኩ። ማንም አልሳቀም። መጨረሻ ዴስክ ላይ ያለው ያ ልጅ መጀመሪያ አጨበጨበ።

ማታ ወንድሜ የቤት ሥራውን ይዞ ሲመጣ “ና፣ እኔ ላሳይህ” አልኩት። ለእማዬም በስልክ አዲሱን ቃል ነገርኳት። እሷ እንግሊዝኛ አልተማረችም። “ትርጉሙ ምንድን ነው?” አለችኝ። “ያኔ አውቶቡሱ ላይ አደራ ያልሽኝ ነው” አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና “እሱን ከያዝሽ ይበቃል” አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ጊቭ አፕ ማለት ወደ ላይ መስጠት አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ነው። አንድ ጊዜ ስለተሳቀባችሁ ጊቭ አፕ እንዳታደርጉ። እናንተም በየቀኑ ካያችሁት ነገር አምስት ፍሬዛል ቨርብ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!