ሥራ ፈት ዓምድ

«ኮርኒስ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛው «ኮርኒቼ» የመጣ ነው። በባለቤቶቹ ዘንድ በሕንፃ ራስ ላይ የሚዞረው ጌጠኛ ክፈፍ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ከቆርቆሮው ሥር የሚወጠር አቡጀዴ፣ የሚመታ ችፑድ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የግሪክና የሮማ ሕንፃ በስሙ ከጭቃ ቤታችን ከገባ ቆይቷል። ዛሬ ደግሞ በአካሉ መጥቷል፤ ያውም በጂፕሰም።

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም ጎራ በሉ። ኮንዶሚኒየሙ ለባለ ዕጣው ሲሰጥ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋልና ባለቤቱ እንደ አቅሙ ያስጨርሰዋል። ያን ጊዜ ነው ጂፕሰም ሠሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚደረድረው፦ ቅጠል የተጠመጠመበት የዓምድ ራስ፣ ቅስት፣ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ክፈፍ።

ከመካከላችን «ይኼ ሁሉ ውሸት ነው፤ ጂፕሰም ድንጋይ መስሎ ያታልላል» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን በዚህ አይዘጋም። ድንጋዩስ መች ራሱን ሆኖ ኖረ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሮማዊው ቪትሩቪየስ፣ ከግሪክ ቤተ መቅደስ ዓምዶች በላይ የሚታዩት የድንጋይ ጌጦች የጥንቱን የእንጨት አግዳሚ ጫፍ ተከትለው የተቀረጹ እንደሆኑ ጽፏል። ደግሞስ ምን ግሪክ ድረስ አስኬደን? እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በር፣ መስኮትና የአግዳሚ ጫፍ ተቀርጾበታል። በሩ ግን አይከፈትም፤ አግዳሚውም እንጨት አይደለም። የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም ከአለት ተፈልፍሎ ሳለ፣ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የተገነባ የአክሱም ግንብ ይመስላል። ስለዚህ መምሰል በራሱ ነውር አይደለም።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ልኩ ላይ ነው። ያው ቪትሩቪየስ እንደሚተርከው፣ የሰው እግር ርዝመት የቁመቱ ስድስተኛ እጅ ሆኖ ስለተገኘ፣ የመጀመሪያዎቹ ግሪኮች የዓምዱን ቁመት የውፍረቱ ስድስት እጥፍ አደረጉት። ትረካው እውነትም ይሁን ተረት፣ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መለኪያው ሰው ነው። ከፎቶው ላይ ቅጠሉን ወስደን ሰውየውን ስንተወው ነው ነገር የሚበላሸው።

የአንድ ጓደኛችን እናት ስቱዲዮ ቤታቸውን አስጨርሰው ቡና ጠርተውን ነበር። ሳሎኑና ማድ ቤቱ በሚገናኙበት ላይ፣ ወርዳቸው ሁለት ስንዝር የሚሆን ሁለት ነጭ ዓምዶች ቆመዋል። ከኛ አንዱ በጣቱ ኳ ኳ ቢያደርገው ውስጡ ባዶ ነው።

«እማማ፣ እነዚህ ለምን አስፈለጉ?» አልናቸው።

«ምሰሶ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው ልጆቼ? ያባቴ ቤት መሐሉ ላይ ምሰሶ ነበረው። እሱን ተደግፈን ነው ያደግነው።»

ይኸን የሚያህል መልስ ከመጽሐፍ አይገኝም። እማማ የፈለጉት ግሪክን አልነበረም፤ የሚደገፉትን ነገር ነው። ዓምዶቹ ግን ይኸን ሥራ አይሠሩም። ረከቦት የተሸከመች ልጅ በመሐላቸው የምታልፈው በጎኗ ዞራ ነው። የማትሪክ ተፈታኟ ታናሽ ልጃቸውም ጠረጴዛ የሚቆምበት ቦታ ስለጠፋ አልጋ ላይ ተንጋላ ታጠናለች።

በሲኒው መሐል ክርክር ተነሣ። ይፍረሱ ያለም ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ዓምዶቹ ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ጂፕሰም ብቻውን ሸክም ስለማይችል ውስጣቸው ጠንካራ እንጨት ይግባበት፤ በመካከላቸው ጣውላ ተጋድሞ አንዱ ለመጽሐፍ፣ ዝቅ ያለው ሰፋ ብሎ ለመጻፊያ ይሁን። መልካቸው አይነካም፤ ሥራ ግን ያገኛሉ።

እማማ ሰምተው «ዕቁቤ ይውጣና» አሉ። ልጅቱ ግን በዚያው ሜትር ፍለጋ ተነሣች።

ነገ ከነገ ወዲያ ብዙዎቻችን ጠባብ ቤት ተከራይተን ወይም ዕጣ ወጥቶልን ቁልፍ እንረከባለን። ያን ጊዜ ጂፕሰም ሠሪው ፎቶውን ሲያወጣ፣ እኛ አስቀድመን ሜትሩን እናውጣ። እዚህ ቤት ማን ይተኛል፣ ማን ያነባል፣ እንግዳስ በየት ያልፋል ብለን እንለካ። ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።