ፊታውራሪ ዛሬም ወጋኝ

በሳምንት ሦስተኛው ነው። ቦቲ ባላጠልቅ ኖሮ ይሄን የምጽፍላችሁ ከጤና ጣቢያ ነበር። በአንድ እጄ የፉርሽካ ባልዲ፣ በሌላው የጥጃዋ ገመድ፤ ጭቃው ደግሞ የሱሉልታ የነሐሴ ጭቃ ነው። ከኋላዬ ክንፉን ሲያማታ ሰማሁ። ዞር ከማለቴ ዘሎ በዚያች ከእግሩ በስተኋላ በበቀለች ሹል ጥፍሩ ባቴን! ባልዲው ተደፋ፣ ጥጃዋ ገመዱን አስጥላኝ ፈረጠጠች። እሱዬው ግን የተደፋው ፉርሽካ ላይ ቆሞ ቁቁቁ እያለ ሚስቶቹን ይጠራል፤ ራሱ አይቀምስም። በእኔ ኪሳራ ደጋሽ!

አውራ ዶሮዬን ፊታውራሪ ያልኩት እኔው ነኝ። ፊታውራሪ ከፊት ነበር የሚዘምተው፣ ይሄ ሁሌም ከኋላ።

"እረጂው" እንዳትሉኝ። ፍልሰታ ነው። ሦስታችሁ ለእንቁጣጣሽ ራሳችሁን እንደጋበዛችሁ አልረሳሁም።

ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔና የዚያ ሰውዬ። አምና "የ45 ቀን ናቸው፣ ክትባታቸውን ጨርሰዋል፣ ሁሉም ቄብ ናቸው" ብሎ 20 ጫጩት ሸጠልኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ አንገቷ ተጣሞ ባለችበት ትሽከረከር ጀመር፤ ኩሷ አረንጓዴ። ፈንግል! በአምስት ቀን 16 ቀበርኩ። ስደውልለት "ውሃ ቀይረሽባቸው ይሆናል" አለኝ። ውሃ! ክትባቱ እኮ ዓይን ላይ የምትንጠባጠብ ጠብታ ናት፣ ወርቅ አልጠየቅኩህም። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ከተረፉት "ቄቦች" አንዱ ይኸው ባቴን ወጋኝ።

እሱን ካርቶን ውስጥ አምፖል አብርቼ፣ ከእጄ እያበላሁ፣ ጉያዬ እያስተኛሁ ነው ያሳደግኩት። ጎረቤቴ እማማ ያኔውኑ "ልጄ፣ አውራ ዶሮ አይታቀፍም፣ ሰው መፍራት ይረሳል" ብለውኛል። ስድስት ወር ሲሞላው እኔን ሌላ አውራ አድርጎ ቆጠረኝ። ይኸው እንቁላል የምለቅመው ሰፌድ እንደ ጋሻ ይዤ ነው።

ግን ባለፈው ሐሙስ ጭልፊት ስታንዣብብ አንዲት ቀጭን ጩኸት አሰማና ዶሮዎቹ ሁሉ ጋሪው ሥር ተሸጎጡ። እሱ ብቻ ሜዳው ላይ ቀረ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ ሰማዩን እያየ። ይሄን እንዴት ብዬ ነው የማርደው?

ዛሬ እማማ "አትሩጪ፣ አትምቺውም። ያዢውና ብብትሽ ሥር አድርገሽ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ። እማማ፣ መታቀፍ አይደል እንዴ ያበላሸው? ብቻ ያዝኩት። ጥጃዋን ፍለጋ አብረን ወጣን። መጀመሪያ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልቡ ጎኔ ላይ ይመታል። አጥሩ ጋ ስንደርስ ዓይኑን ከደን አደረገ፣ ልክ እንደ ካርቶኑ ጊዜ። እኔም ያው... ዝናቡ ነው ፊቴን ያረጠበው።

አወረድኩት። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ላባውን አራገፈ፣ ዞረ።

ሰፌዴን ያያችሁ?